የዶድ ሚክል ጉልበት

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። ጎረቤቴ ዶድ ሚክል ግን ዕድሜውን ሙሉ ነገሥታትን ሲከስ ነው የኖረው፤ ያውም በጅምላ ሳይሆን አንድ በአንድ፣ በየስማቸው፣ ምራት አማቷን እንደምትከስ። ሥራው አናጺ ነው። በስኮትላንዷ ከተማችን በካሪባንክ ከምታንኳኩት በር ግማሹ የእሱ እጅ ሥራ ነው። የሬሳ ሣጥንም ይሠራ ነበር፤ እስካሁን ቅሬታ ያቀረበ ደንበኛ የለም ይላል። እኔ ከቤቱ ፊት ለፊት ዓሣና ድንች ስጠብስ አርጅቻለሁ። ስለዚህ ስለ ዶድ እኔ የማላውቀው ነገር ካለ፣ ሚስቱ ኤፊም አታውቀውም ማለት ነው።

ከመንገዳችን ጫፍ ላይ ሆኖ ባሕሩን አሻግሮ ላየ የፋይፍ ገደል ይታየዋል። ዶድ ጠዋት ጠዋት ሻዩን ይዞ እዚያ ይቆማል።

«አየሽ ቡንቲ፣» ይለኛል፤ ቡንቲ እኔ ነኝ። «ንጉሣችን ሦስተኛው አሌክሳንደር ከዚያ ነው የወደቀው። ማዕበል ነው፣ ጨለማ ነው፤ ተው አትሂድ ሲሉት አዲሷ ሚስቴ ዘንድ ካላደርኩ ብሎ።»

«በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ነዋ።»

«እሱስ ተገላገለ። መከራውን ያየነው እኛ ነን።»

ከዚያ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ጄምስ ገዳዮቹ ሲመጡበት ከወለሉ ሥር ባለ ቦይ ሊያመልጥ ገባ፤ ቦዩን ግን የመጫወቻ ኳሴ እየገባ ጠፋብኝ ብሎ ከጥቂት ቀን በፊት ራሱ አስደፍኖት ነበር። ሁለተኛው ጄምስ ራሱ ካስተኮሰው መድፍ አጠገብ ቆሞ መድፉ ፈነዳበት። ስድስተኛው ጄምስ የለንደኑን ዙፋን ሲወርስ «በየሦስት ዓመቱ እመጣለሁ» ብሎ ተሰናበተና እስኪሞት አንዴ ብቻ ብቅ አለ። መቶ ዓመት ቆይቶ ፓርላማው ራሱ ተጠቅልሎ ተከተለው። «ንጉሡን ሸኘን፣ ፓርላማውን ሸኘን፣ እኛ ከዝናቡ ጋር ቀረን፣» ይላል ዶድ ሻዩን እየጨለጠ። የጠላውን ነገር እንዲህ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ጥላቻው ንጹሕ ነው ብዬ አላምንም። እሱ ግን አይቀበለኝም።

በወጣትነቱ ኤፊን የሚያገኛት ሲኒማ ቤት ነበር። ያኔ ፊልሙ ሲያልቅ የዘውዱ መዝሙር ይመታል፣ ሰዉም ብድግ ብሎ ይቆማል። ዶድ መቆም አይወድም፤ ተቀምጦ መጣላትም አይፈልግም። ስለዚህ በፊልሙ ልጁ ልጅቷን ሊስማት ሲቃረብ፣ ወይም ገዳዩ ሊታወቅ ሲል፣ ኤፊን በእጇ ጎትቶ ይወጣል። ይኸው እስከ ዛሬ ኤፊ የስንት ፊልም መጨረሻ አታውቅም። «አምስት ዓመት ሙሉ ሲኒማ ወስዶኝ አንድም ሰው ሲጋባ አላየሁም፤ ለዚህ ነው ሳላውቅ ያገባሁት፣» ትላለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው ባለፈው ሰኔ የንግሥት አያት የሆነው።

በካሪባንክ ትምህርት ሲዘጋ የልጆች በዓል አለን። የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመካከላቸው አንዲቷን በድምፅ ንግሥት አድርገው ይመርጣሉ። ካባ ትለብሳለች፣ ማርሽ ባንድ ከፊት ይሄድላታል፣ በአደባባይ ዘውድ ይጫንላታል፣ ለአንድ ዓመት ከተማው የእሷ ነው። የንግሥቲቱ ቤተሰብ ደግሞ ቤቱን በኮምፔርሳቶ ቤተ መንግሥት አስመስሎ ይሸፍናል፤ በደጁ ላይ ቅስት ያቆማል። ይህ ሁሉ በትልቅ ሸራ ተጋርዶ ይሠራና በዋዜማው ምሽት ይገለጣል። የዚያ ዓመት ተመራጭ የዶድ የልጅ ልጅ ሞርቨን ናት፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ጥርሷ ፍንጭት ነው፣ ክርክር አይችሏትም።

ዶድ አላንገራገረም። «የእኛ ነገሥታት የስኮትላንድ ንጉሥ አይባሉም ነበር፤ የስኮቶች ንጉሥ ነበር የሚባሉት። የመሬቱ ሳይሆን የሰዉ ናቸው። ሰዉ ካልፈለጋቸው አባርሮ ሌላ ሊሾም እንደሚችል አባቶቻችን ለሮማው ጳጳስ ጽፈውለታል። ልጅቷ ደግሞ በድምፅ ነው የተመረጠችው። እሠራለሁ ምን ችግር አለው፣» አለኝ። ሸራውን ሰቅሎ መጋዙን ይዞ ገባ። ሦስት ሳምንት ድምፁን ሰማን እንጂ ፊቱን አላየንም።

ችግሩ ሌላ ነበር። በልማዳችን ንግሥቲቱ ከቤቷ የምትወጣው አባቷ በሩን ከፍቶ፣ በቅስቱ ሥር በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ «መንገዱ ያንቺ ነው» ሲላት ነው። ሳይንበረከክላት የወጣች ንግሥት የለችም። አባቷ አሌክ፣ የዶድ ልጅ፣ ባሕር መካከል ካለ የነዳጅ ማውጫ ላይ ይሠራል። በበዓሉ ሳምንት ባሕሩን ጉም አለበሰው፤ ሄሊኮፕተር አልነሣ አለ። ሐሙስ ዕለት አሌክ አልደርስም ብሎ ደወለ። አባት ከሌለ የሚንበረከከው አያት ነው።

እኔ ያን ዕለት ለሞርቨን ድንች ይዤ ገብቼ ነበር፤ ስለዚህ ሁሉንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«በሩን እከፍታለሁ። ካባዋን እይዛለሁ። ባንዱን በጀርባህ ተሸከም ብትሉኝ እሸከማለሁ። አልንበረከክም፣» አለ ዶድ።

«ለማን መሰለህ? ለዚህች እንቁራሪት እኮ ነው!» አለች ኤፊ። ሞርቨን ምሳ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ዘውድ እስካደረገች ድረስ ለማንም አልንበረከክም።»

«ጉልበትህ የተሠራው ከምን ቢሆን ነው? ለቤተ ክርስቲያን ወለል ስትንበረከክ አይቼሃለሁ።»

«ያ ምስማር ልመታ ነው።»

ሞርቨን ድንቿን አልነካችም። ይህን ሳይ ነው ነገሩ የምር መሆኑን ያወቅሁት፤ የእኔን ድንች ትታ የተነሣች ልጅ እስከ ዛሬ አልገጠመችኝም። ቅዳሜ ጠዋት ከተማው ሁሉ ደጃቸው ተሰብስቦ፣ አያቷ ከፊቷ ተገትሮ ሲቀር ማየቱን አስባ ነው።

የዋዜማው ምሽት ደረሰ። በሰኔ እኛ ዘንድ ፀሐይ መግባቱን ትረሳዋለች፤ ከእራት በኋላም ሰው ጋዜጣ ሊያነብ ይችላል። መንገዱ ሞላ። ኤፊ ገመዱን ጎተተችና ሸራው ወረደ።

እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። የድሮ ነገሥታታችን የሊንሊትጎው ቤተ መንግሥት ቁጭ ብሏል፤ መስኮቶቹ፣ ግንቦቹ፣ ከላይ የአገራችን ምልክት የሆነው እሾኻማ አበባ። ከቅስቱ በላይ አንድ ትልቅ ጋሻ አለ፤ ጋሻውን ከግራና ከቀኝ ሁለት አውሬዎች ይዘውታል፤ አንዱ ዘውድ የደፋ አንበሳ፣ ሌላው በአንገቱ ሰንሰለት ያለው ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ። ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ ጭብጨባው ቀስ በቀስ ሞተ፤ አንዱ ሌላውን በክርን መጎሸም ጀመረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ዶድ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ፈገግ ብሎ ቆሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረሱ የእኛ ነው፣ አንበሳው የእንግሊዞች። እኛ አገር ሁለቱ ሲቆሙ ለሚያይ ሰው ፈረሱ በግራ ይሆናል፤ የክብሩ ቦታ እሱ ነው። ድንበሩን ስትሻገር አንበሳው ያን ቦታ ይወስደዋል። ይህን ካሪባንክ ውስጥ ጡት የሚጠባ ሕፃን ያውቀዋል። ዶድ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሸራው ውስጥ፣ ከጀርባ በኩል ሆኖ ነበር የሠራው። ከኋላ ግራ የነበረው ከፊት ቀኝ ሆነ። በገዛ ቤቱ ግንባር ላይ አንበሳውን በፈረሱ ቦታ አቁሞት አረፈው።

«ዶድ፣» አለ የአውቶቡስ ሾፌሩ ራብ ኢምሪ፣ «ሳትነግረን ቤትህን ወደ ለንደን አዛወርከው እንዴ?»

ዶድ ቀና ብሎ አየ። ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። ከዚያ የሰዉ ሳቅ ፈነዳ፤ እኔ ራሴ ሆዴን ይዤ የሱቄ ደረጃ ላይ ተቀመጥሁ። ይቅር ይበለኝ፣ ግን ሰውዬው ከእኔ ጋር ስለ እንግሊዝ ስንት ዓመት ተከራክሯል።

«መሰላል፣» አለ ዶድ። «መሰላል አምጡ። ይወርዳሉ።»

«አንተ ሰው፣ በብሎን ነው ያሰርካቸው። ይቆዩ፣ ያምራሉ፣» አለች ኤፊ።

«አይቆዩም! ይህ ነገር በእኔ ደጅ ላይ አያድርም።»

«ኧረ እሺ?» አለች ኤፊ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ንጉሥ አልወድም፣ ዘውድ አልወድም የምትል ሰው፣ የንጉሥ አውሬ በየት ቢቆም ምን አገባህ?»

ሲከስ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላው ዶድ በአንድ ጥያቄ ተረታ። ካቻቢቴውን አንሥቶ መሰላሉን ወጣ። ራብ ከኋላው ወጣ፣ ሌሎቹም ከየቤታቸው መፍቻና መሰላል ይዘው መጡ። እኔ ምጣዱን ለኩሼ ለመንገዱ ሁሉ ድንች ጠበስሁ። አንበሳው በሰው ትከሻ ሲወርድ አንዱ «ደኅና ሁን፣ ሰላም ግባ» አለው። ፈረሱ ሲወጣ ቀንዱ ተጠማዞ ነበር፣ ዶድ በመዳፉ አቀናው። በዚያ ምሽት የነበረውን ሳቅና ጫጫታ እንዲህ በቃል መጨረስ አልችልም። የዓመቱ ምርጥ ምሽቴ ነበር።

ሥራው አልቆ ሰው ሲበታተን ሞርቨን ሌሊት ልብሷ ላይ ኮት ደርባ ወጣች። ዶድ የመሰላሉ እግር ላይ ተቀምጦ ብሎን ይለቅማል። እኔ ምጣድ አጥባለሁ፤ መስኮቴ ክፍት ነበር። ማዳመጤ አይደለም፣ መስማቴ ነው።

«አያቴ።»

«አልተኛሽም?»

«ለእንጨት ፈረስ ብለህ መንገዱን ሁሉ አስነሣህ። ለእኔ ግን ጉልበትህን አታጥፍም።»

ዶድ ብሎኖቹን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ እኔ እንኳ ሰምቼው የማላውቀውን ነገረ።

ልጅ ሳለ የሚኖሩት የከሰል ቆፋሪዎች ቤቶች በተደረደሩበት ሰፈር ነበር። አንድ ቀን ከንጉሣዊው ቤተሰብ ሰው በመኪና ያልፋል ተባለ። ከላይ የመጡ ሰዎች ቤቶቹን ቀለም ቀቡ፤ በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ ብቻ። በጓሮ በኩል ውሃው ይንጠባጠባል፣ ሻጋታው ይታያል። የዶድ አባት ዊል የሌሊት ፈረቃ አድሮ የወጣ ነው፤ ተጣጥቦ፣ ክራባት አስሮ፣ ልጁን ይዞ ከነጩ ግድግዳ ፊት ቆመ። ነፋሱ ያርዳል። መኪናው ሲመጣ ዊል ተንበረከከ። መኪናው ፍጥነቱን እንኳ አልቀነሰም። ጭቃው ክራባቱ ላይ ተረጨ።

«አባቴ ተነሥቶ ክራባቱን በመሐረብ ጠረገ። ‹አዩን እኮ› አለኝ። እንዳላዩን አውቄ ነበር። እሱም አውቋል። ያን ቀን ነው ጉልበቴ ለዘውድ እንዳይታጠፍ የማልኩት።»

ሞርቨን አጠገቡ ተቀመጠች። የኮቷን እጅጌ ስታጥፍ ስትዘረጋ ቆየች።

«እንግዲያው ነገ እንዳትንበረከክ፣» አለች። «በሩን ክፈትና ቀጥ ብለህ ቁም። አዝዤሃለሁ።»

«ገና አልነገሥሽም።»

«ትእዛዙ ከነገ ይጀምራል።»

«ሰዉ ያወራል።»

«ያውራ። ንግሥቷ እኔ ነኝ።»

እኔ ምጣዱን ትቼ ዓይኔን ጠረግሁ። ሽንኩርት ነበር ብል ማንም አያምነኝም፤ ዓሣ ቤት ነው ያለሁት።

ቅዳሜ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጣች፤ ለአሌክ ግን አልደረሰለትም። ማርሽ ባንዱ መንገዱ ጫፍ ላይ ተሰልፏል፣ ሕፃናቱ በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ናቸው፣ ራብ አዲስ ባርኔጣ ደፍቷል። ዶድ የሠርጉን ሱፍ ለብሶ ወጣ፤ ሆዱ ጋ አልተቆለፈም። በሩን ከፈተው። ሞርቨን በቀይ ካባ፣ በነጭ ቀሚስ፣ በትረ መንግሥትና አበባ ይዛ ወጥታ በቅስቱ ሥር ቆመች። ሰዉ ሁሉ የዶድን ጉልበት እያየ ነው።

ዶድ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልጅቷ በአገጯ «እሺ፣ ይበቃል» ብላ ምልክት ሰጠችው። ልታልፈው አንድ እርምጃ ስትራመድ እጁን አነሣ።

«ቆይ፣» አለ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለመንገዱ ሁሉ ተናገረ። «ድሮ የስኮቶች ንጉሥ ሲነግሥ አንድ ሽማግሌ ፊቱ ቆሞ ዘሩን ይቆጥርለት ነበር። የማን ልጅ መሆኑን ሰዉ ሰምቶ ነው የሚቀበለው። ይህችም የማን እንደሆነች ስሙ።»

ባንዱ መሣሪያውን ዝቅ አደረገ።

«ሞርቨን የአሌክ ልጅ፤ አሌክ አሁን ባሕር ላይ በጉም ተከቦ ያለው። አሌክ የዶድ ልጅ፤ ዶድ እኔ ነኝ፣ በሮቻችሁን የሠራሁ፣ አንበሳና ፈረስ የማልለይ።» ሰዉ ሳቀ። «ዶድ የዊል ልጅ፤ ዊል ከሰል ቆፋሪው፣ በሳንባው ከሰል ይዞ የተቀበረ። ዊል የጃኔት ልጅ፤ ጃኔት ከዚህ እስከ እንግሊዙ ያርመዝ ወደብ ዓሣ ስትገፍ እጇ በቢላ ያለቀ። ጃኔት የአርቺ ልጅ፣ አርቺ የሳንዲ ልጅ፤ ሁለቱም ጉድጓድ ውስጥ የገቡት ቁመታቸው ከአካፋ ሳይበልጥ ነው። ሳንዲ የጆክ ልጅ።»

እዚህ ላይ ወደ ሞርቨን ዞረ።

«ጆክ ባሪያ ሆኖ ነው የተወለደው። እዚሁ። ያን ጊዜ የከሰል ጉድጓድ ሲሸጥ ሠራተኛው ከነልጆቹ አብሮ ይሸጥ ነበር። ልጅ እያለ ሕጉ ተሻረና ነጻ ወጣ። ከጆክ በፊት ያሉትን ስም የያዘልን የለም።»

ራብ አዲሱን ባርኔጣ አወለቀ። እኔም መሐረቤን አወጣሁ፤ ዛሬ እንኳ ሰበብ አልፈለግሁም።

«የእነዚህ ልጅ ናት፣» አለ ዶድ። «መንገዱ ያንቺ ነው።»

ይህን ብሎ በግራ እጁ ቅስቱን ያዘና ቀስ ብሎ በአንድ ጉልበቱ ወረደ። ጉልበቱ ሲንቋቋ እኔ ከሱቄ ደረጃ ሰማሁት። ኤፊ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሰው አላጨበጨበም፤ የሚያጨበጭብበት ነገር መስሎ አልታየውም።

ዶድ ሊነሣ ሞከረ። አልተነሣም። ጉልበቱ እዚያው ቀርቷል። በትረ መንግሥቱን ሞርቨን ለኤፊ ሰጠች፣ አበባውን ለእኔ ጣለችልኝ፣ ካባዋን በትከሻዋ ወርውራ በሁለት እጇ ብብቱ ሥር ገባችና ታነሣው ጀመር። ቀዩ ካባ ሁለቱንም ሸፈናቸው።

«አትንበርከክ ብዬ አዝዤህ አልነበር?» አለችው ጥርሷን ነክሳ እየጎተተች።

«ንጉሥ ያዘዘኝን መቼ ሰምቼ አውቃለሁ?» አለ ዶድ፣ ትከሻዋን ተደግፎ እየተነሣ። ከዚያ ባንዱ መታ፣ እኛም ተከተልናቸው።